ከድንጋዮችህ ላይ የፋቅሁት ቁጥር

የኔ አያልነህ፣

ከበራችን ከወሰዱህ አራት ዓመት ሞላ። እንዴት ሰነበትህ ብዬ አልጠይቅህም፤ የት እንደቀበሩህ እንኳ የነገረኝ የለም። ይህን ወረቀት የሚያደርስልኝ ፖስታ ቤትም የለ፤ ቢኖር እነሱ ቀድመው ያነቡት ነበር።

የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ብርቱካን ስድስተኛ ክፍል ገባች፤ በቁመት ጥላኝ ሄዳለች። የጓሮዋን ክፍል ቀበሌ ወስዶ ለሌላ ሰው ሰጣት። ጥቁር እንዳልለብስ፣ ድንኳን እንዳልጥል ተነገረኝ፤ ለጸረ አብዮት አይለቀስም ተባለ። እናትህ ከዘጌ ሲመጡ በር ዘግተን፣ ነጠላችንን አፋችን ላይ ይዘን ነው ያለቀስን። እዬዬም ሲደላ ነው።

ድንጋዮችህ አሁንም አልጋው ሥር ናቸው። ስንጣላባቸው ትዝ ይልሃል? ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ወደ ምዕራብ ቆላ ትወርድና አንድ ጆንያ አሸክመህ ትመጣለህ። የሰው ባል ከመንገድ ሲመለስ ማር ይዞ ይገባል፣ የኔው አስተማሪ ድንጋይ! እኔ ከጣና በእንስራ ውሃ ተሸክሜ፣ ወገቤ ተቆርጦ ስገባ፣ አንተ አንዱን አንስተህ በዚህም ውስጥ ውሃ አለ ትለኛለህ። እስኪ ቅዳልኝና ልረፍ አልሁህ። እንዴት እንደሳቅህ!

ከዚያ አጉሊ መነጽሩን ሰጥተህ ድንጋዩ ውስጥ ያለችውን፣ ጋርኔት የምትላትን ቀይ ፈርጥ አሳየኸኝ። ድንጋዩ ምድር ውስጥ እጅግ ጠልቆ፣ በግፊትና በሙቀት የተለወጠ ነው አልኸኝ። ጋርኔቷ ስታድግ አጠገቧ ያገኘቻቸውን ደቃቅ ማዕድናት ሆዷ ውስጥ ትዘጋባቸዋለች፤ ውጪው ሁሉ ሲለወጥ እነሱ እንደነበሩ ይቆያሉ። ውሃውም የሚንጠባጠብ አይደለም፤ ከማዕድኑ ጋር ተዋሕዶ ነው የሚኖር፤ ምድር ያን ያህል ተጭናው እንኳ ሁሉም ተጨምቆ አይወጣም። ይህን ስትናገር ፊትህ ይበራ ነበር። በየድንጋዩ ላይ ነጭ ቀለም ቀብተህ ቁጥር ትጽፋለህ፤ ያንኑ ቁጥር ከነቦታው ስም ደብተርህ ላይ ታሰፍራለህ። ቁጥሩ ከጠፋ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም ብለኸኝ ነበር። ሰምቼሃለሁ። ሰምቼ ነው ያደረግሁት።

ያን ጠዋት ቤት ለቤት አሰሳ ሊጀመር ነው ተባለ። መንደሩ ሁሉ ወረቀቱን ወደ ምድጃ፣ መጽሐፉን ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ ይጥላል። አንተ ማስተማር ሄደሃል። እኔ ሞኟ ቁጥሮቹን አየሁና የምስጢር ጽሑፍ ይሉታል ብዬ ደነገጥሁ። በአሸዋና በነጭ ጋዝ አንድ በአንድ ፋቅኋቸው፤ ጥፍሬ እስኪደማ። ባሌን አዳንሁት ብዬ ፈጣሪን አመሰገንሁ። አይ የኔ ነገር! የፈሩት ይደርሳል።

ለካ አብዮት ጠባቂዎቹ አንተን ከትምህርት ቤት ከነደብተርህ ይዘውሃል። የቦታ ስም፣ ቁጥር፣ ከጎኑ ደግሞ ውሃ ያለው፣ ውሃ የሌለው የሚል ሲያዩ፣ ይሄ የሽፍታ መሸሸጊያ ዝርዝር ነው አሉ። አንተም ቁጥሩ የድንጋይ ነው፣ ቤቴ መጥታችሁ እዩት ብለህ ራስህ መራሃቸው። ከአልጋው ሥር ጎትተው አወጡ፤ አገላበጡ፤ አንድም ቁጥር የለም። አሸዋውን አየህ፤ እጄን አየህ፤ ገባህ። ሚስቴ ፈርታ ፋቀችው ማለት ብቻ ነበር የቀረህ። ማስረጃ አጠፋሽ ብለው እኔንም እንዳይጨምሩኝ ብለህ አፍህን ዘጋህ።

እኔስ? አንተ ዝም ያልኸው ለእኔ ብለህ ነው፤ እኔ ዝም ያልሁት ለራሴ ፈርቼ ነው። ማን ሙትልኝ አለህ? አንዳንድ ቀን እናደድብሃለሁ፤ ወዲያው በራሴ አፍራለሁ። የገደሉህን እረግማቸዋለሁ፤ ይገባቸዋል፤ የእጃቸውን ይስጣቸው። ግን እርግማኑ እነሱ ዘንድ ሲደርስ እኔን ሳይነካ የሚያልፍ አይመስለኝም።

ብርቱካን አባቴን ለምን ገደሉት ስትለኝ፣ ግፈኞች ስለሆኑ እላታለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግማሹ ነው። አልረሳህም ብዬ ቃል መግባት ቀላል ነው፤ ብፈልግስ በምን ልረሳህ? ቃሌ ሌላ ነው። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ አስቀምጬ እነግራታለሁ። አባትሽ እዚች ደጃፍ ላይ ታስሮ ቆሞ እያየኝ፣ የፋቅሁት እኔ ነኝ ማለት አቅቶኛል እላታለሁ። ብትጠላኝ ትጥላኝ።

ሚስትህ ውድነሽ