ከህንድ ያመጣሁት ወንበር

ቶሌራዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቡርቃ ጃቶ ያለው ቤታችን እንደተውከው ነው፤ የጓሮው አጥር ብቻ በአንድ በኩል አዘንብሏል። ከትምህርት ቤት ስመለስ አየውና ነገ አቃናዋለሁ እላለሁ፤ ነገም ደክሞኝ እተኛለሁ።

ህንድ አገር ሄጄ መጣሁ። ብትሰማ ትስቅ ነበር። ከደሴ ነቀምቴ ስመደብ እንኳ የዓለም ዳርቻ የደረስኩ መስሎኝ ሳለቅስ አግኝተኸኛልና። ወንድሜ ልቡን ሊታከም ሲሄድ አስታማሚ ጠፋና እኔ ተከተልኩት። እሱ አሁን ደህና ነው። እኔ ግን ሆስፒታል ተቀምጬ እያደርኩ ወገቤ እንጨት ሆኖ ተመለስኩ።

እናትህ አዮ ከእኔው ጋር ናት። አንተ በነበርክ ጊዜ ክንዷን ይዘህ ጓሮ ትወስዳት፣ ጉልበቷ አልታጠፍ ሲላት በብብቷ ደግፈህ ታስቀምጣት ነበር። እንዳታፍር ብለህ ፊትህን ወደ አጥሩ አዙረህ ገጠር ጉቶ ጊዳ ስላለው በቆሏችሁ ስታወራላት እሰማ ነበር። ካንተ በኋላ እኔ ልያዝሽ ስላት እሺ ትላለች፤ ግን ውሃ መጠጣት ተወች። ብርጭቆውን ተቀብላ ከንፈሯን አርጥባ ትመልሰዋለች። ለካ ምራቴን አላስቸግርም ብላ ነው።

ከህንድ ልንመለስ ስንል ገበያ ወጣሁ። ሰው ከውጭ አገር ባዶ እጁን አይመጣም፤ እህትህ ጫልቱም የሐር ሻርፕ አደራ ብላኝ ነበር። ሻርፑን አየሁት፣ ያምራል። ባቄላ ቶሎ ያበስላል የተባለውን ክዳኑ ጠብቆ የሚገጥም ድስትም አንስቼ መዘንኩት። በክረምት ቶሎ የሚደርቁ ስስ የጥጥ ፎጣዎች ገዛሁ። ከዚያ መንገዱ ጥግ ላይ አንድ ሰው ቧንቧ እያጎበጠ ወንበር ሲሠራ አየሁ። መቀመጫው መሃሉ ክፍት ነው፣ ከሥሩ ክዳን ያለው ባልዲ ይገባለታል፣ ግራና ቀኙ መደገፊያ አለው። ቋንቋ ስለማንግባባ ጉልበቴን ይዤ እንደ አሮጊት እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ አሳየሁት። ገባው። እግሮቹን እንደ አዮ ቁመት ዝቅ አደረገልኝ። ከእሱና ከፎጣዎቹ ሌላ ለመጫን ቦታ አልተረፈኝም፤ ሻርፑም ድስቱም ቀሩ።

ከአዲስ አበባ ስመጣ የአውቶብሱ ረዳት ጣሪያ ላይ እየጫነ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ወንበር ነው አልኩት። ከዚያ በላይ ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም።

እቤት ዘመድ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ወንበሩን ከማሰሪያው ስፈታው ሁሉም አንገቱን አስግጎ አየ። ጫልቱ ፊቷ ጠቆረ።

«ለእናቴ ከባህር ማዶ ሽንት ቤት ታመጪላታለሽ? በሰው ፊት?» አለች።

አዮ ግን አቅርቡልኝ አለች። መደገፊያውን በሁለት እጇ ይዛ ይወዛወዝ እንደሆነ ገፋ ገፋ አደረገችው። ከዚያ በኦሮምኛ ጫልቱን ዝም አሰኘቻትና ሁላችንንም አስወጥታ በሩን አዘጋች።

ውጭ ቆመን ጠበቅን። ጫልቱ ወዲያ እኔ ወዲህ እያየን። አዮ ቆይታ እኔን ብቻ ጠራችኝ። ስገባ ልብሷን አስተካክላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ብቻዬን ተቀመጥኩ፣ ብቻዬን ተነሳሁ» አለችኝ። «ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ።»

ልጄ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው፤ እስከዚያን ቀን «የቶሌራ ሚስት» ነበርኩ። ምስጋናዋን ቆሜ መቀበል አቃተኝና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ስላንተ አለቀስን። ጠጣ ጠጣ ማድረግ የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው፤ አሁን ውሃውን ራሷ ትጠይቃለች። ጫልቱም በሳምንቱ መጥታ ማንም ሳይጠይቃት ባልዲውን አጠበች። ስለ ሻርፑ አላነሳችም።

እኔ ግን ደክሞኛል፣ ቶሌራዬ። ይህን የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም፤ ለሌላ ለማን እነግራለሁ ብዬ ነው። አዮ አንዳንድ ጊዜ ሲመሽ እየረሳች በስምህ ትጣራለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ልቤ እየተሰበረ ዝም እል ነበር። አሁን የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩም ብሆን ተነስቼ «አቤት አዮ» እላለሁ። እኔ እስካለሁ ድረስ በዚህ ቤት ስምህ ተጠርቶ መልስ አያጣም።

ያንተዋ እታገኝ