የክሪክል ጫካን መንገድ በገና ኬክ ለዘጉብን ለሚስተር ኮሊን ሃርከር

ለክቡር ሚስተር ኮሊን ሃርከር፣
በዊዘርዴል አውራጃ ምክር ቤት የእግረኛ መንገዶች ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ሆድዎ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ባለፈው ጥር እኔ ቤት ከበሉት በኋላ ሳልጠይቅዎ ከርሜያለሁና። እኛ በኦክስኖፕ ከዝናቡ በቀር ደኅና ነን። ዝናቡንም ቢሆን ለምደነዋል፤ እሱ ቢያንስ ሊመጣ ሲል ሰማዩን ያጠቁራል እንጂ ጠረጴዛችን ድረስ ገብቶ ፈገግ እያለ ሻይ አይጠጣም።

ይህን ደብዳቤ በመንደራችን ጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በግል ልጽፍልዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን በጓዳ የነገርኩዎ ነገር በአዳራሽ እንዴት እንደሚነገር ካየሁ ወዲህ፣ ድካምዎን ልቀንስ ብዬ በቀጥታ ወደ አደባባይ አመጣሁት።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። እኅቴ ዊኒፍሬድ ዐይኗ እየጠፋ ነው። የሰው ፊት መለየት ካቆመች ቆይታለች፤ ሐኪሙም የቀራት ብርሃን እስከ መጪው ገና ላይቆይ እንደሚችል ነግሯታል። እንደ ሜዳ የሰፋ ነገር ግን፣ ቀለሙ ከደመቀ፣ አሁንም ይታያታል። ከሐኪሙ ስትመለስ አላለቀሰችም። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ "ማቪስ፣ እስከ ባሕሩ በእግራችን እንሂድ። ግን በክሪክል ጫካ በኩል፣ አበባው ሳይረግፍ" አለችኝ። ግንቦት ሲገባ የክሪክል ጫካ ወለል ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ እንደሚሆን እርስዎም ያውቃሉ። እኅቴ ብርሃኗ ሳይጠፋ በፊት ያንን ሰማያዊ አንድ ጊዜ ማየት ትፈልጋለች። ጉዳዩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ የፖለቲካ ዓላማ የለንም።

ብርዱን በሙሉ ስናቅድ ከረምን። ካርታውን በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ አራቱን ጫፍ በማርማላታ ብልቃጥ ተጭነን፣ እኔ የመንደሮቹን ስም ሳነብ እሷ በጣቷ ትከተል ነበር። አልጋና ቁርስ የሚሰጡ ቤቶችን በየመንደሩ በስልክ ለመንን። አንዷ ባለቤት ውሻ እናመጣ እንደሆነ ብትጠይቅ ዊኒፍሬድ ስልኩን ነጥቃኝ፣ "ውሻስ የለኝም፤ እኅቴን ነው የማመጣው፤ ብዙም አትጮኽም" አለቻት። ሻንጣችንን ከመንደር ወደ መንደር የሚያደርስልን ባለታክሲ አገኘን። የቦርሳዬን ማንገቻ ይዛ ከኋላዬ መራመዱንም በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዙሪያ ስንለማመድ ሰነበትን፤ ቄሱ በመስኮት ብቅ ብለው "ማን ናት እስረኛዋ?" ሲሉ "ፊት ያለችው ናት አባ፣ እንዳታመልጠኝ ነው" ብላ አሳቀቻቸው።

የቀረን አንድ እንቅፋት ነበር። መንደሩ በሙሉ የሚመላለስበት የጫካው መንገድ በመንግሥት ካርታ ላይ ተመዝግቦ አያውቅም። ሽማግሌው ገበሬ ሴጅዊክ በሕይወት ሳሉ ይህ ማንንም አላስጨነቀም። እሳቸው ሞተው እርሻው ሲሸጥ ግን አዲሱ ባለርስት የመንገዱን መግቢያ በር በሰንሰለት አሰረው። ሕጉ ደግሞ ያጽናናል፤ ሰዎች ያለ ጉልበት፣ ያለ ድብብቆሽና ያለ ማንም ፈቃድ ሃያ ዓመት የሄዱበት መንገድ የሕዝብ ነው ይላል። ስለዚህ ለእርስዎ ክፍል አመለከትን። ይህን ካልኩ በኋላ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን፣ አንዱን ከሌላው መለየት ስለተሳነኝ፣ በአንድነት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ በጥር ወር በሬን አንኳኩተው "ለሥራ አይደለም አክስት ማቪስ፣ ለሻይ ነው የመጣሁት" ስላሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በሥጋ አክስትዎ አይደለሁም፤ እናትዎ ሆስፒታል በተኙበት ዓመት ሾርባዎን የምሠራው እኔ ስለነበርኩ ስሙ እንዲሁ ቀረ። ካርታችን ላይ ጎንበስ ብለው ጉዟችንን አንድ በአንድ ጠየቁን። ዊኒፍሬድም እጅዎን ይዛ ጣትዎን ጫካው ላይ አሳረፈችና፣ "ስማ አንተ ኮሊን፣ ይሄን መንገድ ካላስከፈትክልኝ ያንን በር በጥርሴ ነው የምበላው" አለችዎ። "አይዟችሁ፣ ጉዳዩን እኔ ራሴ ነኝ የያዝኩት" ብለው ሳቁ። ከዚያ ኬክ እየቆረሱ፣ ነገሬም ሳይሉ፣ "ለመሆኑ ሽማግሌው ሴጅዊክ ከልክለዋችሁ ያውቃሉ?" አሉ። እኔም እንደ ቤተሰብ፣ "ምን ሊከለክሉ! እንዲያውም በየገናው የእግረኞች ማኅበራችን ኬክ ይወስድላቸው አልነበር፣ ስለ መንገዱ እናመሰግናለን እያለ" አልኩዎ። "ተሸካሚው እኔ አልነበርኩ እንዴ? ዳገቱን ስወጣ ጠርዙን እየቆነጠርኩ" ብለው ሁለተኛውን ቁራጭ አነሡ። ሦስታችንም ሳቅን። ያን ቀን ከሄዱ በኋላ ዊኒፍሬድ "ጥሩ ልጅ ወጣው" እንዳለች በዚህ አጋጣሚ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

፪ኛ፤ በመጋቢት በመንደሩ አዳራሽ በተደረገው ጉባኤ ላይ ስላሰሙት ንግግር የተለየ ምስጋና ይገባዎታል። ከራቫትዎን አስተካክለው ቆሙና፣ "የሚያመሰግን ሰው የተፈቀደለት ሰው ነው። መብት ያለው ሰው ለባለርስት ኬክ አይወስድም። አመልካቿ ራሳቸው እንደገለጹልኝ ይህ በየዓመቱ ተደርጓል፤ ስለዚህ በመንገዱ የሄዱት በፈቃድ እንጂ በመብት አይደለም" አሉ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ማለት ይኸው ነው። ጉባኤውም መንገዱ የሕዝብ አይደለም ብሎ ወሰነ።

ክቡር ሆይ፣ እኛ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆንን ከእርስዎ የተሰወረ አይደለም። ከአውቶቡስ ስንወርድ ሾፌሩን እናመሰግናለን፣ ሾፌሩም መልሶ ያመሰግነናል። እግራችንን የረገጠንን ሰው ይቅርታ እንጠይቃለን። የራሳችንን ቤት በር የያዘልንን እንግዳ ሳናመሰግን አንገባም። ሽማግሌው ሴጅዊክ ኬኩን ሲቀበሉ "ለምንድን ነው ደግሞ ይሄ?" ይሉን ነበር፤ እኛም መልሱን አናውቀውም ነበር። ሰውየው ብቸኛ ነበሩ፣ ገናም ነበር። ጨዋነታችን ራሳችንን የምንከስበት ምስክር መሆኑን የነገረን አልነበረም፤ ቢያንስ ኬኩን እየበላ የሰማን ሰው ሊነግረን ይችል ነበር።

ደግሞም ያን ኬክ ዳገቱን ተሸክሞ የወጣው ልጅ ማን እንደነበር ለጉባኤው መናገር ረሱ። እኔ ላስታውስዎ ብዬ ዐይንዎን ብፈልግ፣ እርስዎ የጫማዎን ክር እያዩ ነበር። ውጭ ስንገናኝ፣ "ሥራዬ ነው አክስት ማቪስ። ምን ላድርግ? እውነቱን ነው የተናገርኩት" አሉኝ። ልክ ነዎት፣ እውነት ነው። ውሸት ቢሆንማ ተነሥቼ በካድኩት። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ሰው አስቀይሞኛል፣ ብዙ ሰውም አስቀይሜያለሁ፤ እንዲህ ተከድቼ ግን አላውቅም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ፈረሱ መጀመሪያ ሻይ እንደሚጠጣ ግን አላውቅም ነበር።

፫ኛ፤ ክፍልዎ ለተዘጋው መንገድ "ለእግረኛ ምቹ የሆነ አማራጭ" ስላዘጋጀልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። አማራጩ የድንጋይ ካባው መኪኖች የሚከንፉበት ዋና መንገድ ነው፤ የእግረኛ ጠርዝ የለውም፣ በግራና በቀኝ የድንጋይ ግንብ ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለታችን ልንሞክረው ወጣን። አንድ የጭነት መኪና ሲያልፍ ነፋሱ ዊኒፍሬድን ከግንቡ ጋር አላተማት። ያልተጎዳችው በዕድል ነው። ቤት እስክንገባ ማንገቻዬን አልለቀቀችም፣ አንድም ቀልድ አልቀለደችም፤ እሷ ካልቀለደች ደግሞ እኔ እፈራለሁ። የእርስዎ ጸሐፊ በስልክ የሚያብለጨልጭ ሰደርያ እንድትለብስ መክራለች። ዊኒፍሬድ ምክሩን ስነግራት፣ "እኔን የሚያየኝማ ሞልቷል፤ የማላየው እኔ ነኝ" አለች። በዚያ መንገድ አንድም አበባ የለም።

፬ኛው ቅሬታ ስለ ግል ጠባይዎ ነበር፤ ከሁሉም የረዘመውም እሱ ነበር። ሳነብላት ዊኒፍሬድ "እናቱ ጋዜጣውን ታነባለች፣ ተይው" ስላለችኝ ተውኩት።

አሁን ወደ ውሳኔያችን ልምጣ። በግንቦት የመጀመሪያው ሰኞ፣ ከቁርስ በኋላ፣ እንሄዳለን። ሰንሰለቱን አንነካም፤ ከበሩ አጠገብ ያለውን የድሮውን የእንጨት መወጣጫ ማንም ስላላነሣው በእሱ እንሻገራለን፤ ስለዚህ በጉልበት አይደለም። ቀኑንና ሰዓቱን ይኸው በጋዜጣ አውጥቻለሁ፤ ስለዚህ በድብቅ አይደለም። ማንንም አልጠየቅንም፣ ማንንም አናመሰግንም፤ ስለዚህ በፈቃድ አይደለም። ይህን ትምህርት ያገኘነው ከእርስዎ ነው። የማኅበራችን አባላት ጉዳዩን ሰምተው ከኋላችን ለመከተል ተመዝግበዋል፤ ከዚያም በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ሊሄዱበት ተስማምተዋል። ሃያው ዓመት ከዚያ ሰኞ ይቆጠራል። ሲሞላ እኔ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከሴጅዊክ ጎን ተኝቼ እሆናለሁ፤ የሚቆጥሩት ሌሎች ናቸው። ዊኒፍሬድ ግን ሃያ ዓመት መጠበቅ አትችልም፤ ያላት አንድ ግንቦት ነው።

ሊከለክለን የሚመጣ ካለ፣ ክልከላውን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ እንዲነግራት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከጫካው መካከል ቆማ ያገኛታል፤ አትቸኩልም።

በመጨረሻም ለክፍልዎ ሥራ መቃናትን፣ ለካርታዎችዎ ንጽሕናን፣ ለራስዎም ከእኔ የተሻለ የሻይ ጠረጴዛ እየተመኘሁ፣ ሾርባ ያጠጣችዎ፣ ኬክ ያጎረሰችዎ፣ በመጨረሻም ምስክር ሆና የቆመችልዎ፣ ታዛዥዎ ለመሆን ከእንግዲህ የማትችለው፣

ማቪስ ብራይዝዌይት
ከኦክስኖፕ እግረኞች ማኅበር

ማስታወሻ፦ በዚያ ሰኞ ጠዋት ሁኔታውን ለመታዘብ ከአጥሩ አጠገብ ሊቆሙ ያስቡ ይሆናል፤ የሚከለክልዎ የለም። ዊኒፍሬድ ፊትዎን አታይም፤ ድምፅዎን ግን ከልጅነትዎ ጀምሮ ታውቀዋለች። "እንዴት አደሩ" ካሏት፣ እኔ ሳልሆን እሷ፣ ምናልባት እጇን ትዘረጋልዎ ይሆናል። ዝም ካሉ ግን የአጥር እንጨት መስለዋት ታልፋለች፤ እኔም አላርማትም።