ጠርሙስ ላይ የሞተችው እናታችን

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጠዋት ጠዋት ሰቅዞ የሚይዝሽ ራስ ምታት ተወሽ ወይ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ልጆቹስ አደጉ? እኛ ደህና ነን እንዳልልሽ አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ ደህና አይደለንም ብልሽ ደግሞ ከነትንፋሻችን ያቆየንን አምላክ ማማረር ይሆንብኛል። እንዲሁ አለን።

እማዬ ስልክሽን ለምን እንደማታነሳ በደወልሽ ቁጥር ትጠይቂኛለሽ። አንዴ ተኝታለች፣ አንዴ መስመሩ ነው እያልኩ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ከረምኩ። አሁን ግን በቃኝ። ታናሽሽ ብሆንም የሆነውን እንደሆነ እጽፍልሻለሁ፤ ቢመርሽም ዋጪው።

እማዬ የካንሰሩን ሕክምና ስትጀምር ነግሬሽ ነበር። ፀጉሯ መርገፍ ሲጀምርም ነግሬሻለሁ፤ «የራሷን ዘይት ቀቧት፣ ይመለሳል» አልሽኝ። አልተመለሰም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ፀጉር ቤቴ ውስጥ ሰው በሌለበት፣ ሻሿን ጠምጥማ መጣችና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «ዛሬ ደንበኛ ነኝ። ከትራስ ላይ ስለቅመው ከምኖር አንተ ጨርሰው» አለችኝ። ስንት ሙሽራ የላጨሁበትን ምላጭ አነሳሁ። መስተዋቱን እንዳታይ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ያ ወገቧ ላይ ይደርስ የነበረው ጉንጉን ወለሉ ላይ ሲወድቅ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ስጨርስ ራሷን ዳሰስ አድርጋ «ጎበዝ ነህ፣ አልቆረጥከኝም» አለችኝ። ስትሄድ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

እዚያ የምትሸጪው ዘይት የእሷ እንደሆነ መቼም አትክጂም። ጥቁር አዝሙዱን በሰፌድ አበጥራ፣ ጠጠሩን ለቅማ፣ አጥባ ፀሐይ ላይ ታሰጣና ዘይት ጨማቂው ዘንድ ራሷ ቆማ ታስጨምቃለች። እሳት እንዳይነካው ትቆጣዋለች። ጉንፋን ለያዘው ፍሬውን አሸት አሸት አድርጋ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ እንዲያሸተው ትሰጠዋለች፤ ሳል ለጠናበት ጠብታ ዘይት በማር ትለውሳለች፤ የአጎታችንን ጉልበት ማታ ማታ ታሽለታለች። ለተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ለደረቀ ፊት፣ ለሚሰባበር ፀጉር ብልቃጧን ይዛ ደራሽ ናት። አንቺን ፀጉርሽን ከፍላ ስትቀባሽ «ሸተተኝ» እያልሽ ታለቅሺ ነበር። ጎረቤት ባዶ ብልቃጥ ይዞ ሲመጣ ሞልታ ትሰጥና «ያግዛል እንጂ አያድንም፤ ከጠናባችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ» ብላ ትሸኛለች። ሐኪሙ ከመድኃኒቱ ጋር እንዳትጠጣው ሲነግራትም እሺ ብላ ለጉልበቷ ብቻ አደረገችው።

ባለፈው የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ልጅ አንቺ ካለሽበት ከተማ ለእረፍት መጣች። እማዬ ጥቁር አዝሙድ እንደምትወድ ስለምታውቅ ከሱቅ አንድ ጠርሙስ ገዝታ አመጣችላት። የአንቺ መሆኑን አላወቀችም፤ ካርቶኑ ላይ ምንም ሥዕል የለም። ስትከፍተው ግን ጠርሙሱ ላይ እማዬ ቁጭ ብላለች። አንቺን ስንሸኝ የተነሳነው ፎቶ ነው፣ ጉንጉኗ ደረቷ ላይ ወርዶ። ትከሻዋ ላይ ያለው እጅ የኔ ነው፤ እኔን ከአንጓዬ ላይ ቆርጠሽ ጥለሽኛል።

እማዬ መጀመሪያ ፊቷ በራ። «እዩ፣ ልጄ አልረሳችኝም!» ብላ ለአጎታችን አሳየችው። ከዚያ ልጅቷን «ምን ይላል? አንብቢልኝ» አለቻት። ልጅቷ ጀመረችና መሐል ላይ ቀጥ አለች። «ጨርሺው እንጂ፣ ምን አፍሽን ለጎመው?» አለቻት እማዬ። ልጅቷም እየፈራች ጨረሰችው። «ይህ ዘይት በሞት የተለየችኝ እናቴ ምስጢር ነው። እስከ መጨረሻ እስትንፋሷ ከፀጉሯ አንዲት ዘለላ አልጎደለችም፤ ሕመም የሚባል አያውቃትም ነበር» ይላል።

እማዬ ሻሿን አወረደችና መላጣዋን በመዳፏ ዳሰሰችው። «ለካ ሞቼ ነው እንዲህ የሚበርደኝ» አለችና ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። አጎታችን ተነስቶ ወጣ። ልጅቷ እግሯ ላይ ብትወድቅ «ተነሺ፣ መርዶ ነጋሪ አይወቀስም» ብላ አነሳቻት። በነጋታው ስትደውዪ ስልኩን ሳቀብላት «የሞተ ሰው ስልክ አያነሳም» ብላ ፊቷን አዞረች። ይኸው ነው ምክንያቱ።

ንግድ ነው፣ የሟች እናት አደራ ሲባል ሰው ልቡ ይራራል ትዪኝ ይሆናል። አንቺ ግን በቁሟ የቀበርሻት እኔ ሾርባ በማንኪያ የማጎርሳትን ሴት ነው። አንድ ደንበኛዬ ማስታወቂያሽን በስልኩ አይቶ ጥቁር ለብሶ ሊያስተዛዝነኝ ቤት ድረስ መጣ። በሩን የከፈተችለት እማዬ ናት። ሰውዬው የሚገባበት ጠፍቶት «እንኳን አደረሰዎት» አላት። ጎረቤቱ እስካሁን ይስቃል። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ሕክምናው ካለቀ ወዲህ ፀጉሯ እንደ ጫጩት ላባ ለስልሶ፣ ነጭ ሆኖ ብቅ ማለት ጀምሯል። ዘይትሽን እንቀባሽ ሲሏት ግን እንቢ አለች፤ ሽታውን ጠልታዋለች። ጨማቂው ዘንድ መሄድም ትታለች፤ ብልቃጥ ይዞ የመጣ ሁሉ ባዶውን ይመለሳል። ከሁሉ ያንገበገበኝ ይህ ነው። በሽታው እንኳ ያልወሰደባትን ነገር አንቺ ወሰድሽባት።

ባለቤቴ ሰላም ትልሻለች፤ ቅያሜዋን ግን አልደበቀችም። ትንሿ ልጄ «አክስቴ መቼ ትመጣለች?» እያለች ታደርቀኛለች። አጎታችን ሰላምታ አልላከም፤ ስምሽ ሲነሳ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ። ለልጆችሽም አያታቸው በሕይወት እንዳለች ንገሪያቸው፤ ምን እንዳልሻቸው አላውቅምና።

እማዬንም ምን ልበልልሽ ብዬ ጠየቅኋት። የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። አንዱን ሸሚዝ አጥፋ፣ ፈትታ፣ መልሳ ካጠፈችው በኋላ «ተርባ አድርጋው ከሆነ ትሽጠኝ። ጠግባ ከሆነ ግን ትተወኝ» አለች።

የቱ እንደሆነ ጻፊላት። የማነብላት እኔ ነኝ፤ አላሳምርልሽም።

ወንድምሽ፣
ከእናትሽ ቤት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ