ገብስማዋንስ ማን ያርዳታል?

ሰኞ

«እንቁላል ጣይዋን ብቻ ያዢ። ሥጋ የሚሆነውን ማን ሊያርድልሽ ነው?»

ዶሮ ላረባ ነው ስል ይሄን ያለኝ የባሌ ወንድም፣ ጋሽ ተሾመ ነው። በረንዳው ላይ እግሩን ሰቅሎ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ። ባል ተብዬው ሁሩታ ከተማ ሌላ ሚስት ይዞ ቤት ከከፈተ ወዲህ የግቢው ንጉሥ እሱ ሆኗል። የፊቱን ቤት ይዟል፤ አሁን ደግሞ ዓይኑ እኔ ጓሮ ላይ ነው። ወንድ የሌለበት ጓሮ ባዶውን ከሚቀመጥ ለባጃጅ ማደሪያ ላከራየው ይላል። የት አባቱ! ዛሬ ጓሮውን፣ ነገ ቤቴን።

እውነቱን ለመናገር እኔም ያሰብኩት ለእንቁላል ብቻ ነበር። አሁን ግን እልህ ያዘኝ። እንቁላልም ሥጋም የምትሆን፣ ትልቅ ዶሮ ነው የምገዛው።

ማክሰኞ

ከዓለም ጤና ከተማ ዶሮ የሚያመጣው ሰውዬ ዘንድ ሄድኩ። «አከም ጅርቱ አዴ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ።

ነጭዋ፦ እንቁላሏ ብዙ ነው፣ ሥጋ ግን የላትም። ላባ ብቻ።
ቀይዋ፦ ቶሎ ትወፍራለች። ግን በናዝሬት ፀሐይ አፏን ከፍታ ስታለከልክ በዓይኔ አይቻለሁ።
የሀበሻዋ፦ ጣዕሟን ማን ይክዳል! እንቁላሏን ስጠብቅ ግን ላረጅ ነው።
ገብስማዋ፣ ኮኮክ የሚሏት፦ ደረተ ሰፊ፣ ከበድ ያለች።

«እቺ ሙቀቱን ትችላለች፣ ትጥላለች፣ መጣል ስትተው ደግሞ ድስት ትሞላለች» አለኝ።

ሰባት ገብስማ ቄቦችና አንድ አውራ ገዛሁ።

ረቡዕ

ባጃጅ ገባ! ጋሽ ተሾመ እኔን ሳይጠይቅ፣ «ለሙከራ ነው» ብሎ አስገባው። ዶሮዎቼ ተበታተኑ። ቤታቸውን በቆርቆሮና በሽቦ ራሴ ሠራሁ፤ ጣቴን ቆረጠኝ።

አውራው ግን ጎበዝ ነው። የጋሽ ተሾመ በረንዳ ላይ ወጥቶ ኩሱን ጣለበት። ተባረክ!

ሐሙስ

ባጃጁ ወደ ኋላ ሲል የትልቋን ቄብ እግር ሰባበረው። ያቺን፣ መጣል ልትጀምር የደረሰችውን! መሬት ላይ ተዘርራ ክንፏን ታራግባለች። ሳትታረድ ከሞተች በክት ናት፣ ሜዳ ትጣላለች።

ቢላ ይዤ በር ላይ ቆምኩ፣ የሚያርድልኝ ወንድ ፍለጋ። የባጃጁ ሾፌር አንገቱን ደፍቶ «እናቴ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እኔ ያረድኩትን አይበሉም» አለ። ቀጥሎ ያለፈው፣ ከረባት ያሰረው፣ «ደም አልወድም» ብሎ ሸሸ። ወንድ ተብሎ!

ጋሽ ተሾመ ከበረንዳው ያየኛል። «ጋሼ፣ እባክዎ» እስክለው እየጠበቀ ነው። ለራሱ የሚያወራ መስሎ፣ እንድሰማው፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አለ።

ምን ሲደረግ! ክንፏን ረገጥኩና በስመ አብ ብዬ አረድኳት። አለቀስኩ፤ ግን ቤቴ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ነው።

ዓርብ

ጾም ነው። ወጡን ሠርቼ ለነገ አስቀመጥኩት።

ጋሽ ተሾመ «ሴት ያረደችውን ውሻም አይበላው» እያለ ሰፈሩን አዳረሰ። ሱቅ ስገባ ወሬው ቀጥ አለ። እኔም በልቤ ፈራሁ። ኃጢአት ይሆን እንዴ?

ቅዳሜ

ብቻዬን በላሁ። ሥጋዋ ጥርስ ላይ የሚቆይ፣ የሚጣፍጥ። ምርጫዬስ ልክ ነበር። ግን «ኑ ቅመሱ» ብል ደጄን የረገጠ ሰው የለም። ያ ጉረኛ ደግሞ ሰኞ ሁለት ባጃጅ ይጨመራል አለኝ። ዶሮዎቹን ሽጬ ልተወው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ደከመኝ።

እሁድ

ጋሽ ተሾመ በጠዋት አቦምሳ ለቅሶ ሄደ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሚስቱ እትዬ ዘነበች ጓሮ ቆማ ጠበቀችኝ። ነጠላዋ ሥር የሆነ ነገር ይንፈራገጣል። አውራ ዶሮ!

«አስቴርዬ፣ የልጄ አማቾች ሊመጡብኝ ነው፣ እሱ ደግሞ የለም። እረጂልኝ። ለማንም አልናገርም።»

«ጓሮው የማን ነው እትዬ?» አልኳት።

ወደ ግቢው በር ዞር ብላ አየች። «ያንቺ ነው። ያንቺ ነው በቃ።»

አረድኩላት። ዛሬ ቤቴ ገብቼ አላለቀስኩም።

አመሻሽ ላይ ጋሽ ተሾመ ተመለሰ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ፈረሰኛውን እየጋጠ፣ ጣቱን እየላሰ፣ «ዘነበች፣ ዶሮ ማለት ይሄ ነው!» ሲል ከጓሮ ሰማሁት። ማን አረደው ብሎ አልጠየቀም።

ነገ ስለ ባጃጅ አፉን ይክፈትና፣ ዶሮውን ማን እንዳረደለት እነግረዋለሁ።