ስምሽን ሲጠሩ

እንጅባራ፣ በወርኃ ጥር

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን አለሽልኝ? ቁስሉስ ጠገገልሽ? እስካሁን ፈሳሽ ብቻ ነው የምትወስጂው ወይስ እህል መቅመስ ጀመርሽ? አጠገብሽ ያለው አልጋ ላይ የተኙት ሴትዮስ ተሻላቸው? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ በአካሌ ምንም አልሆንኩም። ደህና ነኝ ብዬ እንዳልፈው ግን እጄ እምቢ አለኝ። ከቅዳሜ ወዲህ መቀመጫ አጥቻለሁ። ተኛሁ ስል እነሳለሁ፣ ተነሳሁ ስል መሄጃ የለኝም። ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ።

ስልክ እንዳልደውል፣ እኔ እየለፈለፍኩ አንቺ ዝም የምትዪበት ስልክ አንጀቴን ይበላዋል። ባለፈው ነርሷ ስልክሽን አንስታ "እህህ እንኳ እንዳትል ተከልክላለች" ስትለኝ ዘጋሁባት። ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ይህን ደብዳቤ የሰጠሽን ሰው አይተሻል። እናትሽ ገና ሲገቡ ደንግጠሽ ይሆናል፤ ተቆጥተሽኝም ይሆናል። ቁጣው ይገባኛል። ግን መጀመሪያ ይቀመጡ፣ ከመንገድ ነው የመጡት። ከዚያ ለብቻሽ አንብቢው። እናትሽ እንዴት እንዳወቁ ከእኔ ሌላ ማንም እንዲነግርሽ አልፈለግሁም።

መነኻሪያው በር ላይ ያስማልሽኝን አልረሳሁም። ድምፅሽ ያኔውኑ አልቆ በጆሮዬ ነበር የምታንሾካሽኪልኝ። "ታማለች ብለው ከሚያዝኑልኝ ኮራች ብለው ቢሰድቡኝ ይሻለኛል" አልሽኝ። ለዘፈን ቡድናችንም፣ ለሕዝቡም፣ ከሁሉ በላይ ለእናትሽ እንዳልተነፍስ በጊዮርጊስ አስማልሽኝ። እኔም ማልኩ። አድማሴ እንኳ የቡድኑ መሪ ሆኖ የሚያውቀው ለግል ጉዳይ ባሕር ዳር መሄድሽን ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የቀረሽበት ትርኢት አዲስ ቅዳም ከተማ ነበር። አድማሴ መድረክ ላይ ወጥቶ "መንገድ ላይ ናት፣ አሁን ትደርሳለች" አለ። ሰዉም አምኖ ጠበቀ። ከሰል ሲጭኑ ውለው ፊታቸውን እንኳ ያልታጠቡ ሰዎች ቆመው ጠበቁ። እኛ ጨፈርን፤ ማሲንቆ መቺው ደረሰም የሚያውቀውን ሁሉ ተጫወተ። ማን ሊያየን! አንገቱ ሁሉ ወደ አስፋልቱ ዞሯል። ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ይጨበጨባል፤ የሚወርደው ሌላ ሰው ሲሆን ጭብጨባው ይሞታል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወሬው ተጀመረ። አንዷ ትልቅ ሰርግ ይዛ ነው አለች። አንዱ ደግሞ አዲስ አበባ ለምዳ እኛን ተጸየፈችን አለ። ሬዲዮ ላይ ድምፅሽን በሰማ ቁጥር ሥራውን አቁሞ የሚያዳምጥ ሰው እኮ ነው እንዲህ ያለው። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

ከዚያ ቅዳሜ ዳንግላ ገባን። የመጣውን ሰው ብዛት ልነግርሽ አልችልም። አድማሴ ከመድረኩ ጀርባ ጠርቶኝ ዘፈኖችሽን እኔ እንድዘፍን ነገረኝ። አራት ዓመት ከኋላዋ ቆመሽ ስትቀበያት ግጥሙን ከእሷ እኩል አውቀሽዋል አለኝ። አገውኛ እንደማልችል፣ ቃሉን አንቺ አፌ ላይ እንዳስቀመጥሽልኝ፣ ግማሹ ምን ማለት እንደሆነ እንኳ እንደማላውቅ ነገርኩት። እሱም ሕዝቡ ዛሬ ባዶውን ከተመለሰ ሁለተኛ እንደማይመጣልን፣ ቡድኑም እንደሚበተን ተናገረ። እውነቱን ነው። እሺ አልኩት።

ያላወቅሁት፣ ሊጠራ ያሰበው የእኔን ስም አለመሆኑን ነው። ማይኩን ይዞ ያንቺን ስም ጠራ።

እህቴ፣ ሦስት ጊዜ የቀደድኩት እዚህ ስደርስ ነው።

ሰዉ አገሳ። ከእግሬ ሥር ሳንቃው ተንቀጠቀጠ። ድምፅሽን የሚያውቀው ብዙ ነው፣ መልክሽን የሚያውቀው ግን ከፊት የተቀመጠው ብቻ ነው። በዚያ ላይ የለበስኩት ልብስ ያንቺ ዓይነት ነው። ከሩቅ ለሚያየን ሁላችንም አንድ ነን። ዝም ብዬ መዝፈን እችል ነበር። እጄን አነሳሁ። ስምሽን ሲጠሩ "እኔ ነኝ" ብዬ እጄን አነሳሁ።

ፈርቼ ነው ብልሽ ታምኚኝ ነበር። አልፈራሁም። ጣፈጠኝ። አራት ዓመት ሙሉ በትከሻሽ በኩል እያለፈ ሲመጣ የምሰማው ጭብጨባ ያን ቀን ቀጥታ ፊቴ ላይ ፈሰሰ። ሦስት ዘፈን ዘፈንኩ። አንቺ ባሕር ዳር አልጋ ላይ መሆንሽን ለዚያ ሁሉ ጊዜ ረሳሁት። ይህን የምጽፍልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ ሌላ ሰው ቢነግርሽ አሳምሮ ወይም አክፍቶ ይነግርሻልና ነው።

ከመድረኩ ወርጄ ላቤን ሳልጠርግ እናትሽ ፊቴ ቆሙ። ከአሁን በፊት አንድ ቀን ብቻ ነው ያየኋቸው፣ ወዲያው ግን አወቅኋቸው። ዓይናችሁ አንድ ነው። ዳንግላ ላይ እንደምትዘፍኚ በሬዲዮ ሰምተው፣ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው፣ ከግምጃ ቤት ከተማ በጠዋት ተነስተው ነው የመጡት። በብብታቸው ማር በጠርሙስ ይዘዋል። ሰላም አላሉኝም። ልብሴን አዩት፣ ፊቴን አዩት። አማርኛቸው ቀስ ያለ አይደል? እያንዳንዱን ቃል እንደ ዕቃ አንስተው ነው የሚያስቀምጡት።

"ልጄ የት ናት?" አሉኝ።

"ለሥራ ባሕር ዳር ሄዳለች" አልኳቸው። ያስተማርሽኝን ውሸት።

"ስሟን ጠሩ። አንቺ እጅሽን አነሳሽ።"

 ደረሰ ማሲንቆውን ወደ ከረጢቱ እየከተተ ነበር፣ እጁ ባለበት ቆመ።

"ልጄ ሞታ ነው?" አሉኝ።

መሐላዬ እዚያ አለቀ። ምንም ብትዪኝ፣ ያን ፊት እያየሁ ዝም የምልበት መሐላ የለኝም። አልሞተችም፣ ታማለች፣ ጉሮሮዋ ላይ የበቀለ ነገር ነበር፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፣ በሕይወት አለች አልኳቸው። ደጋግሜ በሕይወት አለች እላቸዋለሁ። እሳቸው የድምፅ ማጉያው ሳጥን ላይ ተቀመጡ። ትበላለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ልብሷን ማን ያጥብላታል፣ ማታ ይበርዳታል እኮ፣ ጋቢ ይዛለች ወይ አሉ። ሐኪሙ ምን አለ አላሉም። አላለቀሱም። ከዚያ ተነስተው ወደ ጎረቤቶቻቸው ሄዱና በአገውኛ አንድ ነገር ነገሯቸው። ሴቶቹም ስቀው፣ ማሩን ላንቺ እንዳደርስልሽ እንዲሰጡኝ ነግረዋቸው ተሰናብተው ሄዱ። በኋላ ምን እንዳሏቸው ስጠይቃቸው "ልጄ ሥራ በዝቶባታል አልኳቸው" አሉኝ። እሳቸውም ላንቺ ብለው ዋሹ። ከሁሉ ያንገበገበኝ ያ ነው።

በማግሥቱ ወዳንቺ ሊነሱ ነበር፤ መንገዱ ተዘጋ። ሰኞም እንደዚያው። ስለዚህ እንጅባራ ከእኔ ክፍል ይዣቸው መጣሁ። እኔም እሳቸውም እንቅልፍ የለንም፤ አንዳችን ስንገላበጥ ሌላዋ ትሰማለች። ማክሰኞ እዚሁ እንጅባራ ትርኢት ነበረን። ቤት ይሁኑ ብላቸው እምቢ ብለው ተከተሉኝና ከፊት ረድፍ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

አድማሴን አስቀድሜ አግኝቼ ስሟን እንዳትጠራ፣ ታማ ነው በል ብዬው ነበር። የበሽተኛ ወሬ ሕዝብ ይበትናል አለኝ። ምላሼን ሳይሰማ ወጣ፤ ወጥቶም ስምሽን ጠራ። ሰዉ አጨበጨበ። እናትሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዩኛል።  ማይኩን ከአድማሴ እጅ ተቀበልኩ።

"የጠራችኋት እኔ አይደለሁም" አልኩ። "እሷ ታማ ተኝታለች። የቀረችው ኮርታ አይደለም። ዳንግላ ላይ እሷን መስዬ የዘፈንኩት እኔ ነኝ።"

 ከኋላ አንድ ሰው ታዲያ ለምን ትመጣለች ብላችሁ ታደክሙናላችሁ ብሎ ጮኸ። እውነትህን ነው አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ? አንዳንዱ አፏጨ። ተነስቶ የወጣውም ብዙ ነው፤ ወንበሩ ሲንኳኳ እየሰማሁ ቆምኩ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው በአገውኛ ይመርቁ ጀመር። ምን እንዳሉ አላውቅም። የቀረው ሰው ሁሉ ግን "አሜን" ሲል ሰማሁ። ሽማግሌው ሲቀመጡ በራሴ ስም፣ በራሴ ድምፅ አንድ ዘፈን ዘፈንኩ። ጭብጨባው ሳሳ ያለ ነበር። እስከ መጨረሻው የቀሩት ግን በሩ ላይ ቆመው ስላንቺ ጠየቁኝ፤ አልጋሽ የት እንደሆነ ልነግራቸው አልፈለግሁም እንጂ ነገ ሊጠይቁሽ የሚነሱ ነበሩ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናትሽን ባጃጅ እንያዝ ብላቸው በእግራችን እንሂድ አሉኝ። ከዚያ መንገድ ላይ ቆም ብለው፣ ዳንግላ ላይ ከዘፈንሻቸው በሦስተኛው ውስጥ አንዱን ቃል ታበላሺዋለሽ አሉኝ። እንዴት እንደሚባል በከንፈራቸው አሳዩኝ። አልኩት። አይደለም አሉ። እንደገና አልኩት። አስፋልቱ ዳር ቆመን እስኪስተካከል አስደገሙኝ። እሷም ልጅ ሳለች እንዲሁ ታበላሸው ነበር አሉኝ፤ ዳንግላ ከሩቅ ስሰማሽ እሷ አለመሆንሽን ያወቅሁት በዚያች ቃል ነው አሉ።

አድማሴ ሳያናግረኝ ሁለት ቀኑ ነው። ከቡድኑ ያስወጣኛል ይባላል፣ አያስወጣትም ተቀባይ ከየት ያመጣል የሚሉም አሉ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እሱ ይመስለኛል። ያስወጣኝ፣ ወይ ይተወኝ፣ ብቻ ይለይልኝ። የሚያሳስበኝ ግን ያ አይደለም። ምሕረትሽን ነው የምጠብቀው፤ መሐላዬን ለእናትሽ ስላፈረስኩት አይደለም፣ ያንን ዛሬም አፈርሰዋለሁ። ስምሽ ሲጠራ ስላነሳኋት ስለዚያች እጄ ነው።

ዛሬ መንገዱ ተከፍቷል አሉ። ነገ ጠዋት ደረሰ ይዟቸው ይመጣል፤ የተኛሽበትን ክፍል ነግሬዋለሁ። ጋቢ ገዝተንልሻል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ቅድም ዕቃቸውን ሲያሰናዱ እናትሽ ቀና ብለው "መቼ ነው የምትዘፍነው?" አሉኝ። ውሃ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ጀሪካኑ ሙሉ ነበር። ደጃፍ ቆሜ ቆሜ ስመለስ ያንኑ ጥያቄ ይደግሙታል ብዬ ፈራሁ፤ አልደገሙትም። ነርሷ ያ ድምፅሽ እንደማይመለስ የነገረችኝን አልነገርኳቸውም። መንገሩን ካንቺ አልወስድም። ግን አንቺ ብትጽፊው እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ሌሊቱን ሙሉ የማስበው ይህንኑ ነው። ምናልባት አጠገብሽ ያስቀመጥሻቸው እንደሆነ፣ እጃቸውን ይዘሽ ዝም ብትዪ፣ እናት ናቸውና ይገባቸው ይሆናል።

የአልጋ ዘመንሽን ያሳጥረው። የእናትሽ ጸሎት፣ የዚያ ሁሉ ሰው አሜን ይድረስልሽ። የነካሽ ክፉ ሁሉ ካንቺ ይራቅ፣ ደግሞም በእግርሽ ስትወጪ ለማየት ያብቃኝ።

እህትሽ