ዘራችንን የሚቆጥረው እንግዳ

ውድ እህቴ መሕቡባ፣

አሰላሙ አለይኩም። ይህ ጽሑፍ የማን እጅ ነው ብለሽ አትድከሚ፤ የእኔ ነው። ከማታው ክፍላችን ቀድሞ ማንበብ የቻለው ጀማሉ ነው። ሁለተኛ የወጡት እናት ሰባ ዓመታቸው ነው፤ የበለጥኳቸው በሦስት ቀን ቢሆንም መብለጥ መብለጥ ነው። መምህሩ «አንተ ሰውዬ፣ አፍህን የምትከፍተውን ያህል መጽሐፍ ብትከፍት ዶክተር ትሆን ነበር» ይለኛል። ምርቃት ነው ብዬ ተቀብያለሁ።

አሁን ቀልዱን ላቁምና ዋናውን ልንገርሽ። ሐሙስ ጋሽ ሙሀይሚን ሊወስድሽ ሲመጣ አብረሽው እንዳትሄጂ። የቀረውን ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ ይህን ግን አስቀድመሽ ያዢ።

ውልቂጤ የገባሁ ቀን መናኸሪያው ላይ ፌስታሌን ታቅፌ ስቆም ዞር ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም። ጋሽ ሙሀይሚን ብቻ መጣ። ጫማው የተወለወለ፣ ድምፁ ለስላሳ። በቤታችን ቋንቋ «ወንድሜ፣ የማን ልጅ ነህ?» አለኝ። በማላውቀው ከተማ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝን እንዴት ባዕድ ልበለው? የአባታችንን ስም ነገርኩት። «ከእሱ በላይስ?» አለ። አያታችንን ነገርኩት። «ከዚያስ?» እያለ ሰባት ትውልድ አስቆጠረኝ፤ እኔም ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጀግንነት ጨመርኩለት። ደብተር አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። «እንዲህ ያለ ዘር ተጽፎ መቀመጥ አለበት» ሲለኝ ደረቴ ሸሚዜን ሊቀድ ደረሰ። ቃሌን የጻፈልኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረማ። ቤታችን ከመኪና መንገዱ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ አክስታችን በምን እንደምትደሰት፣ እህቴ ስምንተኛ ክፍል እንደሆነችና ከእኔ ቀጥላ የቤቱ ቆንጆ መሆኗን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት።

ደግነቱን አልክድም። ሥራ አገኘልኝ፤ የምከራየው ቤት ፈለገልኝ። በየጁምዓው ሥጋ ይዞልኝ ይመጣል። ባለፈው ወር ከሕንፃው መወጣጫ ላይ ስወድቅ አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው። ለአንቺ «እግሬን ወለም አለኝ» ብዬ ያስላክሁት ውሸት ነበር፤ እስከ ጭኔ ጀሶ ውስጥ ነኝ። አብሮኝ የወደቀውን ስልኬን «ላሠራልህ» ብሎ ወሰደው። እስካሁን ነገ፣ ነገ ይለኛል።

አከራዬ እትዬ የሺ ልብስ ሰፊ ናቸው። አራት ወር ሙሉ ፈገግ ሲሉ አላየኋቸውም። የማን ልጅ እንደሆንኩም ጠይቀውኝ አያውቁም። በስልኬ የሚገባውን መልእክት ሁሉ ያንብቡልኝ እያልኩ ሳስቸግራቸው «እኔ ያንተ ራዲዮ አይደለሁም» ብለው እጄን ይዘው ማታ ትምህርት አስመዘገቡኝ። ክራንች ከጎረቤት ተውሰው ያመጡልኝም እሳቸው ናቸው፤ ያውም እየተቆጡ።

እሁድ ጋሽ ሙሀይሚን ሊጠይቀኝ መጣ። ውዱእ ሊያደርግ ሲወጣ ደብተሩን አልጋዬ ላይ ጥሎት ሄደ። ማንበብ እንደቻልኩ አያውቅም። ከጉራዬ ሁሉ ለአረፋ ላስገርመው ብዬ የደበቅሁት ይህን ብቻ ነበር። የአባቶቼን ስም ተጽፎ ልይ ብዬ ገለጥኩት። ሰባቱም ተደርድረዋል። ከሥራቸው እንዲህ ይላል፦ «መሕቡባ፣ አሥራ ሰባት ዓመት። አባት የለም። ወንድም መንቀሳቀስ አይችልም። ሐሙስ።»

ወደ ኋላ ገለጥኩ። ከወንዙ ማዶ ያለችውን ሃፊዛን ታውቂያታለሽ፤ እናቷ በየወሩ «ልጄ ሰላም ብላችኋለች» እያሉ ጎረቤት ይዞራሉ። በስሟ አጠገብ የተጻፈው ይህ ነው፦ «በረሃ ላይ ቀርታለች። ለእናትየው ደህና ናት ተብሏል።»

ሲመለስ ደብተሩ በእጄ ነበር። «ምን ታያለህ?» አለኝ።

«ሥዕል ካለው ብዬ ነው። ጽሑፍማ ለእኔ የጉንዳን መንገድ ነው።»

ሳቀ። ጀሶዬን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገና «አይዞህ፣ እህትህ መጥታ ታስታምምሃለች። አክስትህ እኮ ዘራችሁን ስቆጥርላት አለቀሰች» አለኝ። ለካ ቤታችን ደርሶ ተመልሷል።

ለእትዬ የሺ ነገርኳቸው። የአክስታችን ስልክ ሁለት ቀን ሙሉ ዝግ ነው። ለፖሊስ አመልክተዋል፤ ሐሙስ ግን ማንንም አይጠብቅም። ስለዚህ ነገ ረቡዕ ሱቃቸውን ዘግተው በመጀመሪያው ሚኒባስ እስከ አገና፣ ከዚያም በእግር ይህን ደብዳቤ ራሳቸው ያደርሱልሻል። «ዘራችሁን አላውቅም፤ መንገዱን ግን ጠይቄ አገኘዋለሁ» ነው ያሉት። እባክሽ ጥሩ ቦታ አስቀምጫቸው።

ሽማግሌዎቹ እንደማያምኑሽ አውቃለሁ። ሰባት ቤት የቆጠረን ሰው በእኛ አገር ባዕድ ነው የሚል የለም። ስለዚህ ሲመጣ በሁሉም ፊት አንድ ነገር ጠይቂው፦ «አባታችን የተቀበረ ቀን ወንድሜ ጀማሉ የት ነበር?» በይው። «ቃሬዛውን ከፊት ተሸክሞ፣ ለማንም ሳይቀይር መቃብር አደረሰ» ይልሻል። እኔ የነገርኩት እንደዚያ ነዋ። የዚያን ቀን ቃሬዛ የያዙት ሁሉ እዚያው ተቀምጠው ይሰሙታል። ዘራችንንም ከእኔ አፍ ብቻ እንደሰማ ያን ጊዜ ያውቃሉ።

እውነቱን አንቺም አታውቂውም። መርዶው ዘግይቶ ደረሰኝ ያልኩት ሐሰት ነው። በሰዓቱ ደርሻለሁ። ቡታጅራ ሱቅ አለኝ እያልኩ አስወራ ነበር እንጂ ኩሊ ነበርኩ፤ የለበስኩት ሱሪ ጉልበቱ ላይ ተቀዶ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ እንደዚያ ሆኜ እንዳያየኝ ጓሮ እንሰቱ ውስጥ ገብቼ ተደበቅሁ። ጀናዛው ሲወጣ አየሁ። አንቺ በር ላይ ቆመሽ መንገድ መንገዱን ስታዪ አየሁሽ። ስሜን ጠርተሽ ነበር። ሠላሳ እርምጃ አልራቅሁም፤ አልወጣሁም። አፉ በማያርፍ ሰው ልብ ውስጥ ይህ ለሦስት ዓመት ተቀምጧል።

ይህን ለሙሀይሚን አልነገርኩትም። ከሚያኮራኝ ሁሉ አንድም አላስቀረሁም፤ ያፈርኩበትን ግን እሱ አያውቅም። ጀሶው ሲፈታ መጥቼ ለሽማግሌዎቹ በራሴ አፍ እናገራለሁ፤ እስከዚያ አንቺ ተናገሪው። ባፍርም ይሻለኛል።

እሱ ማታ ሾርባ ይዞ ይመጣል። እንደ ወትሮው እቀልድለታለሁ፤ ሌላ መከላከያ የለኝም። ከዛሬ በኋላ ግን በእኔ ስም «ነይ» የሚል ደብዳቤ ቢደርስሽ፣ በስልክ ድምፄን ብትሰሚ፣ ታሟል ቢሉሽ፣ ሞቷል ቢሉሽም፣ አትምጪ።

ወንድምሽ ጀማሉ
ውልቂጤ፣ ማክሰኞ