ልጄን ያልመረጥኩበት ሐሙስ

ለእናትም ለእህትም ለሆኑኝ፣ ለእትዬ መህታብ።

አሰላሙ አለይኩም እትዬ። ሰላምታዬ ከደጅዎ እስከ ጓዳዎ ይግባልኝ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? ልጅዎ ተንዊር በላከልኝ ፎቶ ላይ በትር ተደግፈው ሳይዎት፣ በትሩ አዲስ ነው ወይስ የአባታችን ነው እያልኩ ስገምት ዋልኩ። ዓይንዎን ለሐኪም አሳዩት? የወተት ጎሿስ ወለደች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ ከውሰር ደም ግፊት አለብሽ ተብላ ጨው ተከልክላለች፤ ከዚያ ወዲህ እኛም ሳንታመም ያለ ጨው እንበላለን። ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብን የለም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምዎት ይሆናል። በስልክ ድምፅዎን ስሰማ ያሳደጉኝ ያ ልጅ እሆናለሁ፤ «እሺ እትዬ» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣኝም። ዛሬ የምነግርዎ ነገር ደግሞ በእሺ ብቻ የሚያልቅ አይደለም።

አስቀድሜ ሕልሜን ልንገርዎት። ሰሞኑን ግድቡ የዋጠው የድሮው መንደራችን እየመጣብኝ ነው። ውሃው በላዩ ላይ እንዳለ ነው፤ እኔ ግን ውስጡ ሆኜ እንደ ልቤ እተነፍሳለሁ። እርስዎ ጉድጓዱ ዳር ቆመዋል፣ ሻርፕዎ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። አባታችን በራፉ ላይ ተቀምጦ ጋያውን ይስባል፤ ጭሱ አረፋ እየሆነ ይወጣል። እጠጋዋለሁ፣ መንገዱ ግን አያልቅም። ለከውሰር ብነግራት «ጨው አጥተህ ነው» አለችኝ።

ሕልም ካነሳን፣ እዚህ ብራድፎርድ ያለው የአገራችን ሰው ዛሬ የሚያልመው ስለ ወንበር ነው። ስንመጣ የሱፍ ፋብሪካው ፈረቃ አልቆ መተኛትን ነበር የምናልመው። አሁን የአንዱ ሸማኔ ልጅ የወርቅ ሐብል አጥልቆ ከንቲባ ሆኗል፣ የሌላው ፓርላማ ገብቷል። ጎረቤቶቻችን የጉጅራት ሰዎች ደግሞ ኖርዌይ ያለች የእህታቸው ልጅ ተመርጣለች ብለው በየሰርጉ ያስቸግሩናል። ሻይ ቤት ስንገናኝ ወሬው «የናንተ ቤት ማንን አስገባ?» ሆኗል። ጎረቤቴ ሐጂ ረምዛን «የኛ ሰዎች ሁለት ሆነው አውቶብስ ከጠበቁ አንዱ ሊቀ መንበር ነው፣ አንዱ ተቃዋሚ» ይላል። እኔም ስቄበት ስቄበት ሲያበቃ ነገሩ ቤቴ ገባ።

በመጋቢት ደውለው የነገሩኝን ያስታውሳሉ። የመንደሩ ባላባት ቾድሪ ፈዝል ዳድ ወንድሞቹን አስከትሎ እዚያ ዳድያል ቤትዎ መጣ፤ ሻይዎን ሳይቀምስ ጥምጣሙን ፈትቶ እግርዎ ሥር አኖረ። «የወንድሜ ልጅ ኢምቲያዝ ብራድፎርድ ላይ ለከተማው ምክር ቤት ይወዳደራል። የወንድምዎ የሰርወርና የዘመዶቹ ድምፅ ከሱ እንዳይወጣብኝ» አለ። እርስዎም ጥምጣሙን ከመሬት አንስተው ራሱ ላይ መለሱለት። ከዚያ ለኔ ደወሉና «ቃሌን ሰጥቻለሁ ሰርወር። የሽማግሌ ጥምጣም መሬት ላይ ጥዬ ጓዳ ልግባ እንዴ?» አሉኝ። እኔም እንደ ልማዴ «እሺ እትዬ» አልኩ።

እርስዎ ያላወቁትን ልንገርዎ። ዛርቃ፣ ልጄ፣ በዚያው ሰፈር ለዚያው ወንበር ዕጩ ነበረች። ስታሸንፍ ድንገት ፎቶዋን ልኬ ላስደስትዎት ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እርስዎ ቃል ሲሰጡ ከማን ላይ እንደሚነጥቁ አላወቁም፤ እኔም ስልኩን ይዤ ምላሴ ታሰረ።

ማታውኑ ዛርቃ ድምፅ ለመለመን በየበሩ ስታንኳኳ ውላ በዝናብ ርሳ ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ ነገርኳት። ቀድማ የጮኸችው ከውሰር ነበረች። «የዳድያል ጥምጣም እዚህ ሰፈር ምን ጥልቅ አደረገው! እኔ ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት ጥምጣም ነው እንዴ?» አለች። ዛርቃ ግን ጸጥ ብላ «አክስቴ ጥምጣሙን አነሱት?» ብላ ጠየቀችኝ። «አነሱት» አልኳት። «እንግዲያው አለቀ» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። እዚሁ የተወለደች ልጅ ይህን ሕግ እንዲህ ማወቋ አስደነገጠኝ።

«አባባ፣ እኔ በየበሩ ቃሌን እጠብቃለሁ እያልኩ ነው ድምፅ የምለምነው። የአክስቴን ቃል ሰብሬ በየትኛው አፌ?» አለችኝ። «የናንተን ለሱ ስጡ። እኔ ከሌላ ቤት እፈልጋለሁ።» እናቷ «ሞኝ!» አለቻትና ሄዳ ፀጉሯን በፎጣ አደረቀችላት።

ቃሉ ስለ ድምፅ እንጂ ስለ መኪና አልነበረም እትዬ። ስለዚህ በአሮጌዋ ታክሲዬ ከበር በር ያመላለስኳት እኔ ነኝ። እሷ ገብታ እስክትወጣ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ዝናቡ መስታወቱ ላይ ሲወርድ እያየሁ፣ ብዙ ጊዜ ወደዚያው የሕልሜ ውሃ እሰምጥ ነበር። ባሏ የሞተባት እንግሊዛዊት ብስኩት አብልታ ትሸኛታለች፤ ፖላንዶቹ ስለ ቆሻሻ ገንዳ ያማርሯታል። የኛ ሴቶች ደግሞ በጓሮ በር አስገብተው ጉልበቷን ይዘው «አንቺ ግቢልን እንጂ፣ ለኛ ማን ይናገርልናል?» ይሏታል። ሐጂ ረምዛን መንገድ ላይ አስቁሞኝ «ስማ አንተ ሰውዬ፣ ለማን ነው የቆምከው? በእግርህ ለልጅህ፣ በእጅህ ለኢምቲያዝ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሐሙስ መጣ። የምንመርጠው ልጆች የሚማሩበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ወንበሮቹ ከጉልበቴ በታች ናቸው። ወረቀቱን ይዤ ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩ። እርሳሷ በሲባጎ ታስራለች። የዛርቃን ስም ከላይ አየሁት፤ ያወጡላት እርስዎ ኖት፣ ያን ጊዜ በሬዲዮ ካሴት ቀድተው ነበር የላኩልን። ዓይኔን ብጨፍን ወለሉ ውሃ ሆነ። አባታችን ጋያውን ከአፉ አውጥቶ ያየኛል፣ ሻርፕዎ ይንሳፈፋል፣ ከሩቅ ልጆች ሲዘምሩ ይሰማል፤ በየትኛው አገር እንዳለሁ ጠፋኝ። ዓይኔን ስገልጥ ለኢምቲያዝ ምልክት አደረግሁ። ወጥቼ ግን መኪናዬ ውስጥ አለቀስኩ እትዬ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እዚህ ያሉት የዘመዶቻችን አራቱም ቤት እንዳዘዙት አደረጉ። ከውሰር ምን እንዳደረገች አልጠየቅኳትም፤ እርስዎም አይጠይቁብኝ።

በማግስቱ ቆጠራው ቀን ላይ አለቀ። ኢምቲያዝ አሸነፈ። ያሸነፈበት ልዩነት ደግሞ የኛ አራት ቤት ካለው ድምፅ ያነሰ ነው። እኔ አስልቼ ለዛርቃ አልነገርኳትም፤ እሷም ያላሰላች መሰለች። አዳራሹን በሙሉ አቋርጣ ሄዳ እንኳን ደስ አለህ አለችው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ አንገቱን ደፍቶ «አመሰግናለሁ እህቴ» አላት። እናቱ አንገቷን አቅፋ ስማታለች። ቾድሪው ጣፋጭ አሸክሞ፣ አበባ ይዞ ደጅዎ ይመጣል። ይቀበሉት፤ ቃልዎ አልወደቀም፣ ክብሩም የእርስዎ ነው።

ስንመለስ ዛርቃ የኋላው ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ቀስ ብዬ ነዳሁ። ከተማው ሁሉ ጭጋግ ውስጥ ገብቶ፣ የድሮው ፋብሪካችን ጭስ ማውጫ ብቻ ከላይ ብቅ ብሎ ይታያል። እንዳትነቃብኝ ብዬ ቤታችንን አልፌ ሄድኩ፤ ኮረብታውን ዞርኩት፣ እንደገናም ዞርኩት። ሕፃን ሆና ስታለቅስ በዚሁ መንገድ ነበር የማስተኛት። ስትነቃ «አባባ፣ የት ነን?» አለችኝ። «ቤት ልንደርስ ነው» አልኳት። «በሚመጣው ዓመት የሰፈሩ ሌላው ወንበር ባዶ ይሆናል፤ እወዳደራለሁ። ለአክስቴ ከአሁኑ ይንገሩልኝ» አለችና ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም።

እትዬ፣ እናታችን ስትሞት ያጎረሱኝ እርስዎ ኖት። የመሬቱን ድርሻዬን ለማንም ይስጡት፣ ልጆቼ ሲዳሩ ፊተኛውን ቃል እርስዎ ይናገሩ፣ ስሞትም የት እንደምቀበር ይወስኑልኝ፤ እሺ እላለሁ። ድምፄን ግን ከእንግዲህ ለማንም ቃል አይግቡብኝ። ያቺን እርሳስ ለኔ ይተዉልኝ። ይህን ስጽፍልዎ እፈራለሁ፣ አፍራለሁም፤ ግን አልሰርዘውም።

ተንዊርን ሰላም በሉልኝ፤ የጣሪያውን ነገር ከዝናቡ በፊት ይጨርስ። ሚስቱን አመሰግናለሁ በሉልኝ፤ የላከችውን በቅመም የተዘፈዘፈ የማንጎ አቻር ከውሰር ጨው አለው ብላ ደብቃዋለች፣ እኔ ያለበትን አውቀዋለሁ። ለአጎት ቡታ ዕድሜና ጤና እመኛለሁ። ከውሰር እጅዎን ትስማለች፤ ተቆጥታ ነበር፣ አሁን በርዶላታል። ዛርቃ «አክስቴ እንዳያዝኑብኝ፣ እኔ አላዘንኩም» ብላለች። ውሸቷን ነው፤ ግን ይቀበሏት።

ለልጅ ልጅዎ ለሚናህልም ሰላምታዬ ይድረሳት። ዘንድሮ አሥራ ስምንት ሞላት ሲሉኝ ማመን አቃተኝ። ዛርቃ ለሷ ብቻ የላከችው መልእክት አለ፤ እርስዎ ራስዎ ይንገሯት። «ድምፅ የምትሰጪበት ቀን ሲመጣ ማንንም አታስፈቅጂ፤ አያትሽንም ቢሆን» ብላታለች።

ታናሽ ወንድምዎ ሰርወር
ብራድፎርድ፣ ሜይ 2011